ክበባት አባል ሞልቷቸው ተሳታፊ ለምን አጡ? የጎጃም ወረዳዎች ጥረትና እንቅፋቱ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር የትምህርት ቤት ክበባት ይጠቅማሉ ወይስ ጊዜ ይሻማሉ የሚል አንድ የቆየ ክርክር ያገረሻል። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ይህን የሰማ ወላጅ «ልጁ ፈተና ማለፍ አቅቶት ክበብ ምን ይሠራለታል?» ቢል አይፈረድበትም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ግን የትምህርት ዘመኑ በተከፈተ ማግስት ክበባት እንዲቋቋሙና የተማሪ ተሳትፎ እንዲያድግ ያሳስባሉ። ወላጁም ጽሕፈት ቤቱም ስለ ተሳትፎ ያወራሉ፤ ሐሳባቸው ግን አይገናኝም። ወላጁ ጊዜን ያስባል። ጽሕፈት ቤቱ የሚያስበው ስለ ቁጥር ነው።

በመሃል የሚጠፋው ተማሪው ነው። «የዘንድሮ ልጅ ፍላጎት የለውም» የሚባለውን ብዙ ጊዜ እንሰማለን። የጎጃምን የትምህርት ቤት ሕይወት ቀረብ ብሎ ላየው ግን ችግሩ በአብዛኛው ከሰዓትና ከቀን አመዳደብ የሚመጣ ነው። ሰዓቱን የሚመድቡት ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ተጓዳኝ ትምህርት ምንድን ነው?

ተጓዳኝ ትምህርት የሚባለው ከመደበኛው የክፍል ትምህርት ጎን ለጎን የሚካሄድ፣ ማርክ የማይሰጥበት የትምህርት ቤት እንቅስቃሴ ነው። ስፖርት፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ድራማ፣ የሳይንስና የሒሳብ ክበብ፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ ቀይ መስቀል፣ የሴት ተማሪዎች ክበብ፣ የሥነ ዜጋ ክበብ ይገኙበታል። ሚኒ ሚዲያ የሚባለው ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎች በድምፅ ማጉያ የሚያቀርቡት አጭር ፕሮግራም ነው።

ሥራው በወረቀት ላይ በቂ መሠረት አለው። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲተገበር የቆየው የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም አራት ዐምዶች አሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራርና አስተዳደር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ክበባት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይነካሉ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም ክወናና እይታዊ ጥበባትን እንዲሁም ጤናና ሰውነት ማጎልመሻን እንደ ትምህርት አስገብቷል። «እነዚህ ክፍል ውስጥ ከገቡ ክበብ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። መልሱ ብዙም አይከብድም። ክፍል ውስጥ ልጁ የሚሠራው መምህሩ ያዘዘውን ነው። ክበብ ሲሆን ርዕሱን ራሱ ይመርጣል፣ ከጓደኛው ጋር ይከራከርበታል፣ ሰው ፊት ቆሞ ያቀርበዋል።

ይህ ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስም ዋሸራም ስማቸው የገነነው በቅኔ ትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ የተነገረውን ብቻ ይዞ አይሄድም። ራሱ ቅኔ ይቆጥራል (ያዘጋጃል)፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ጉባኤ ላይ ይዘርፋል (ያቀርባል)። የበሰለው ተማሪ ደግሞ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያግዛል። ተማሪው ዋና ተዋናይ የሆነበት ትምህርት በዚሁ አገር ብዙ ዘመን አስቆጥሯል። አንድ ልዩነት ግን አለ። የቅኔ ተማሪ ውሎውም አዳሩም እዚያው ጉባኤ ቤቱ ዙሪያ ነበር። ጊዜ ነበረው። የዛሬው ተማሪ የጎደለውም ይኸው ጊዜ ነው።

ቁጥሩ እንዴት ይሠራል?

ወረዳው ለዞኑ ትምህርት መምሪያ ሪፖርት ያደርጋል፤ መምሪያው ለክልሉ ትምህርት ቢሮ። ሪፖርቱ የሚጠይቀው በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው። ስንት ክበብ ተቋቋመ? ስንት አባል አለው? ስለዚህ ትምህርት ቤቱም የሚያዘጋጀው እነዚህን ነው። ጥቅምት ላይ አንድ ወረቀት በየክፍሉ ይዞራል። ልጆቹ አንዱን ክበብ መርጠው ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ያልጻፈውን የክፍል ኃላፊው ይመድበዋል። ተጠሪ መምህር ይሰየማል፣ ዕቅድ ይጻፋል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። የጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም በአንድ ላይ የተመደቡት የጎረቤት ትምህርት ቤቶች፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ፋይሉ ይቀርብለታል። ፋይሉ የተሟላ ከሆነ ክበቡ «አለ» ተብሎ ይመዘገባል።

ማንም የዋሸ የለም። ስሞቹ የእውነት ተማሪዎች ስም ናቸው። ነገር ግን በሪፖርቱ ከተማሪው ሁሉ አብዛኛው የክበብ አባል ሆኖ ሳለ በሚኒ ሚዲያው የሚሰማው ድምፅ ዓመቱን ሙሉ የዚያው የአምስት ስድስት ልጅ ድምፅ ነው። ሰላምታ፣ ዜና፣ ግጥም፣ እንቆቅልሽ፣ ጥያቄና መልስ፤ ከዚያ ደወል። የተቀረው ግቢው ውስጥ ቆሞ ይሰማል።

ስፖርት ላይም ያው ነው። የወረዳ ውድድር ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ምርጦቹን መልምሎ ይልካል። አሥራ አንድ ልጅ ይጫወታል፣ ጥቂት ተጠባባቂ ይከተላል። ዋንጫ ከመጣ «ስፖርቱ አድጓል» ይባላል። ውድድር የራሱ ጥቅም አለው፤ ትምህርት ቤቱን ያነቃቃል፣ ጎበዙን ልጅ ያወጣል። ብዙ ልጅ የሚያጫውተው ግን የክፍል ለክፍል ጨዋታ ነው። እሱ ደግሞ ሪፖርት ላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ይሆናል።

ተጠሪ መምህሩንም መርሳት አይገባም። ክበብ መምራት ከመደበኛው የክፍለ ጊዜ ጫና በላይ የሚጨመር ሥራ ነው። ክፍያ የለውም። በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ጥቂት ነጥብ ቢያስገኝ ነው። ደመወዙ ከወር ወር ለማያደርሰው መምህር ያቺ ትርፍ ሰዓት ማስጠኛ ወይም ሌላ የጎን ሥራ ልትሆን ትችላለች። በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባት ሞቅ ብለው የነበሩት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች (መያዶች) መሣሪያውንም፣ ሥልጠናውንም፣ የሻይ ወጪውንም ይሸፍኑ ስለነበር ጭምር ነው። ገንዘቡ ሲርቅ ክበቡም ቀዘቀዘ። የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል። የትምህርት ቤት ድጎማውም ቢሆን ከጠመኔና ከወረቀት ተርፎ ለኳስና ለማይክሮፎን የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው።

ዓርብ ከሰዓት

ጉዳዩን በደንብ የሚያሳየው ግን የክበብ ሰዓት የተመደበበት ቀን ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ይህ ዓርብ ከሰዓት፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ምክንያቱ ይገባል። ሌላው ቀን በትምህርት ተይዟል፤ ዓርብ ማታ ደግሞ ሁሉም ደክሟል፣ ስለዚህ «ቀለል ያለ ነገር» ይመደብበታል።

አሁን ከገጠር ቀበሌ የመጣ አንድ የሃይስኩል ተማሪ እናስብ። ትምህርት ቤቱ ያለው ወረዳው ከተማ ነው፤ ደምበጫ ሊሆን ይችላል፣ ሞጣ፣ ብቸና ወይም ቡሬ። ከየቤቱ በየቀኑ ተመላልሶ መማር ስለማይቻል ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ውኃ በተራ ይቀዳሉ፣ ወጥ በተራ ይሠራሉ። እንጀራው፣ በሶው፣ ሽሮውና ድርቆሹ ግን ከቤተሰብ ነው የሚመጣው። የስንቁ መሄጃ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ቤተሰብ ያግዛል ወይም ገበያ ይወጣል። እሑድ አገልግሉን ተሸክሞ ይመለሳል። የሦስት ሰዓት መንገድ የሚጠብቀው ልጅ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልተነሳ ይመሽበታል። ሴት ልጅ ከሆነች መምሸቱ ከጨለማ በላይ የሆነ ስጋት አለው።

ይህ ልጅ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባል ነው እንበል። ክበቡ ሲሰበሰብ እሱ መንገድ ላይ ነው። አንድ ዓርብ ቢቀር የሚቀጥለው ሳምንት ስንቅ የለውም ማለት ነው። ምርጫው ግልጽ ነው።

ታዲያ ክበቡ ውስጥ የሚቀረው ማን ነው? ከተማ ውስጥ ወላጅ ያለው ልጅ። ሚኒ ሚዲያውን የሚመራው እሱ ነው፣ ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚመረጠው እሱ ነው፣ መድረክ የሚለምደው እሱ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ «የገጠር ልጆች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው፣ ዓይን አፋር ናቸው» የሚል ግምገማ ይጻፋል። የሰዓት ድልድሉ ያመጣው ልዩነት የልጆቹ ጠባይ ተደርጎ ተቆጠረ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ልጁ ራሱ ሳይቀር ይህን አምኖ ያድጋል።

የዓመቱ አቆጣጠርም እንደዚሁ ነው። ክበብ በጥቅምት ይቋቋማል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ አርሶ አደር ቤት የተወለደ ልጅ እንኳን ክበብ፣ መደበኛ ትምህርትም በቅጡ አይከታተልም። ጥር ላይ የመንፈቅ ዓመት ፈተና አለ። ግንቦት ሲገባ እርሻው ይጀመራል፣ ሰኔ የማጠቃለያ ፈተና ነው። ለክበብ የሚመቸው ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ነው። በዚያን ጊዜ ግን የጥቅምቱ ሞቅታ በርዷል፣ ዕቅዱም ፋይል ውስጥ ገብቷል።

ይህም ቢሆን በየወረዳው ይለያያል። ሜጫ ውስጥ 7,000 ሄክታር ገደማ የሚያለማው የቆጋ መስኖ አለ። እዚያ በጋም ሥራ ነው፤ ሽንኩርቱና ድንቹ የልጅ ጉልበት ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ጤፍ የሚያመርት የምሥራቅ ጎጃም ቀበሌና የቆጋ ተጠቃሚ ቀበሌ በአንድ የክበብ ካሌንደር ሊመሩ አይችሉም። ከክልል የሚወርደው ዕቅድ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ሴት ተማሪዎችና የሞሰቦ ልምድ

የሴት ተማሪዎች ክበብ በጎጃም ልዩ ክብደት አለው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሥር የሰደደበት አካባቢ ስለሆነ ነው። ለዕድሜዋ ያልደረሰች ልጅ ልትዳር ስትል መጀመሪያ የምትሰማው ጓደኛዋ ናት። ክበቡ ሕያው ከሆነ ወሬው ተጠሪ መምህርቷ ዘንድ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ርዕሰ መምህሩና ወደ ቀበሌው ይሄዳል።

እዚሁ ጎጃም ውስጥ የተሞከረ ጥሩ ማስረጃ አለ። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተካሂዶ ነበር። ልጃገረዶች በቡድን ተደራጅተው ከአንዲት አሠልጣኝ ጋር ይገናኙ ነበር። የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣቸው ነበር። ከማኅበረሰቡ ጋር ውይይት ይደረግ ነበር። ፕሮግራሙን ስትጨርስ ደግሞ ለልጅቷና ለቤተሰቧ አንድ ፍየል ይሰጥ ነበር። ውጤቱ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸሩ በትምህርት ገበታ የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ የማግባት ዕድላቸው ደግሞ 90 በመቶ ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ተመሳሳይ ውጤት አልታየም፤ እንዲያውም የእነርሱ የማግባት ዕድል ከፍ ብሎ ነበር። ሁለተኛ፣ የሠራው ስብሰባው ብቻውን አልነበረም። ደብተሩም፣ ውይይቱም፣ ፍየሏም አብረው ነበሩ። ቤተሰብ ልጅቷን ወደ ቡድኑ ሲልካት የሚያጣው የጉልበት ሥራ አለ፤ ፕሮግራሙ ይህን አስቦበታል። የዛሬ ክበባት ስብሰባውን ወርሰው ይህን የወጪ ጥያቄ ትተውታል።

ከትምህርቱ ይሻማል ወይስ ያግዛል?

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ ከመቶ ዘጠና ተማሪ በወደቀበት አገር እያንዳንዷ ደቂቃ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ትዋል። የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥ፣ ክበቡ ይቆይ። ሐሳቡ ከጭንቀት የመጣ ነው፣ መናቅ የለበትም።

ሌላው ወገን በክበብ የሚሳተፉ ተማሪዎች ውጤታቸው የተሻለ መሆኑን ይጠቅሳል። በሌላው ዓለም የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም በተሳትፎና በውጤት፣ በተለይም በተሳትፎና ትምህርትን ባለማቋረጥ መካከል ግንኙነት አግኝተዋል። ነገር ግን ግንኙነት መኖሩ ብቻ ምክንያቱን አይነግረንም። ድሮም ጎበዝ የሆነው፣ ቤቱ የተመቻቸለት ልጅ ክበብ ውስጥ ሊበዛ ይችላል። የዓርቡን ነገር ካየን በኋላ ይህ ጥርጣሬ በጎጃም ይበልጥ ይጠነክራል። የከተማው ልጅ በውጤቱም በክበቡም የሚቀድመው በአንድ ምክንያት ሊሆን ይችላልና።

እኔ የማደላው ወደ መሃል ነው። ክበብ የ12ኛ ክፍልን ውጤት በራሱ ይቀይራል ማለት ማጋነን ነው። ሆኖም አንብቦ መናገር፣ ጠይቆ መረዳት፣ ጽፎ ማስረዳት ክፍል ውስጥ 60 እና 70 ተማሪ ባለበት በ40 ደቂቃ የሚለመድ ነገር አይደለም። የእንግሊዝኛ ክበብ ውስጥ አሥር ልጆች ተቀምጠው ቢነጋገሩ ያ የማጠናከሪያ ትምህርት አይደለም ወይ? ክርክሩ ክበብ ይኑር አይኑር ከሚለው ይልቅ ክበቡ ውስጥ ምን ይሠራ ወደሚለው ቢሄድ ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ብዙ ነገር አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም ማዕከል፣ ማለትም የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ ማዕከል፣ ለአካባቢው ተማሪዎች የሚሰጠው የተግባር ሥልጠና ሁለቱን ያስታርቃል። ችግሩ መድረስ የሚችለው ቅርብ ላለው መሆኑ ነው።

ጥርጣሬውና ስጋቱ

ብዙ ወላጅ «ተማሪን ማደራጀት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቅር ይለዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየትምህርት ቤቱ የነበረው፣ ተማሪዎች በአንድ መሪ ሥር በትንንሽ ቡድን የሚመደቡበት የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ትዝ ይለዋል። ስሙ ለጥናት መረዳጃ ነበር፤ ግን ከላይ የወረደና ከፖለቲካ ጋር የተነካካ ስለነበር አመኔታ አጣ። ክበባት ከዚያ ጥላ ገና ሙሉ በሙሉ አልወጡም። ተማሪው ተሰብስቦ የሚሰማው አጀንዳ ከላይ የመጣ ከሆነ ያው ጥርጣሬ ይመለሳል።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ሁኔታው ሌላ ሆኗል። በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል። በ2017 የትምህርት ዘመን በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆኑ ሕፃናት ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ሲገለጽ ቆይቷል። ጎጃም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ትምህርት በተከፈተበት ቦታም ቢሆን ወላጅ የሚፈልገው ልጁ ደወል እንደተደወለ ቤቱ እንዲገባ ነው። መንገድ ሲዘጋ ስንቅም ይቋረጣል። ወጣቶች ተሰብስበው መታየታቸው ራሱ ያስፈራል። በዚህ ጊዜ «ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክበብ» ማለት ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው።

የዚያኑ ያህል ግን ትምህርት አቋርጦ ለተመለሰ፣ ጓደኛ ላጣ፣ ተኩስ ለሰማ ልጅ ኳስና መዝሙር ትርፍ ነገር አይደሉም። ወደ ክፍል የሚመልሱት እነርሱም ናቸው። ስለዚህ ክበቡን ሰላም እስኪሆን ማቆየት አያዋጣም። ወደ ትምህርት ሰዓቱ ውስጥ ማስገባት ይሻላል።

ወረዳው በእጁ ያለው ምንድን ነው?

ሰላም ማውረድ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እጅ የለም። ደመወዝ መጨመርም የለም። የሰዓት ድልድል ግን በወረዳውና በርዕሰ መምህሩ እጅ ነው።

የክበብ ሰዓት ከዓርብ ወደ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ወደ መሃል ቢዛወር የስንቅ ተጓዡ ልጅ ይገኛል። ይህ ዋጋ አለው። አንድ የሒሳብ ወይም የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ወደ ዓርብ መጨረሻ ይገፋል፤ ያኔ ደግሞ መንገደኛው ያ ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል። ስለዚህ ቀኑን ከመቀየር ጋር ዓርብን ማሳጠር፣ ያጠረውን ሰዓት ደግሞ በሌሎቹ ቀናት ላይ ማደል ያስፈልጋል። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ይህን ለማድረግ ይቸገራል፤ ጠዋት የሚገባው ሳይወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ይቆማል። እዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚወስድ የሚኒ ሚዲያ ዝግጅትና በዕረፍት ሰዓት የሚደረግ የክፍል ለክፍል ጨዋታ ከምንም ይሻላል።

ለገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የበዓላት ቀን አለ። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በበዓለ ወልድ ሞፈር አይያዝም፣ ልጅም ለእርሻ አይፈለግም። ከቅዳሴ በኋላ ባለው ሰዓት ቀበሌው ውስጥ ወላጅም ልጅም አለ። የስፖርት ቀን ወይም የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት በዚያ ቀን ቢሆን ተመልካቹ ራሱ ወላጁ ይሆናል። ይህ በአንዳንድ ቦታ ቅሬታ ሊያስነሳ ይችላል፤ ከካህናቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳይነጋገሩ መጀመር አይገባም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ፣ ወተመህ የሚባለው፣ ለእንዲህ ያለው ንግግር ተስማሚ ነው። እስካሁን በብዙ ቦታ የሚሠራው መዋጮ መሰብሰብ ነው።

የክበቦቹ ብዛትም መቀነስ አለበት። ሦስት የሚንቀሳቀሱ ክበቦች አሥራ አምስት በፋይል ካሉት ይበልጣሉ። ይህን ማንም ርዕሰ መምህር ያውቀዋል። ነገር ግን ሪፖርቱ ብዛትን እስከጠየቀ ድረስ ማንም ደፍሮ አይቀንስም። ስለዚህ ቅጹ ላይ «የአባላት ብዛት» ከሚለው ጎን አንድ ዓምድ ቢጨመር ብዙ ነገር ይለወጣል፦ ባለፈው ወር በአካል ተገኝተው የሠሩት ስንት ናቸው፣ ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ናቸው፣ ስንቱስ ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ዝቅ ብሎ መታየቱ አይቀርም፤ ዞኑም ያን ያወጣውን ወረዳ ከመውቀስ መታቀብ ይኖርበታል።